ፊውል ትሪም የሚናገረውና የማይናገረው



እ.ኤ.አ. ከ1996 ወዲህ ለአሜሪካ ገበያ የተሠራ ማንኛውም የቤንዚን የቤት መኪና ከመሪው ሥር አንድ ሶኬት አለው። አውሮጳም ከጥቂት ዓመታት በኋላ ይህንኑ አስገድዳለች። በዚያ ሶኬት ላይ ስካነር ሰክቶ ሞተሩን ያስነሣ ሰው ከሚያያቸው ቁጥሮች መካከል ሁለቱ በመቶኛ የተጻፉ ናቸው። አንደኛው የአጭር ጊዜ፣ ሁለተኛው የረጅም ጊዜ ፊውል ትሪም ይባላል። የዛሬው ንግግሬ ስለነዚህ ሁለት ቁጥሮች ነው፤ በተለይም ባለቤቱ ኢንጀክተሩን፣ የአየር ማስገቢያውን ወይም ተርቦውን ራሱን በቀየረበት መኪና ላይ ሲነበቡ።

በ2016 ዓ.ም. የኢትዮጵያ መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ ሀገር እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ ስለ ቤንዚን ሞተር ማውራት ጊዜ ያለፈበት የሚመስለው ሰው እዚህ አዳራሽ ውስጥ አይጠፋም። እኔ የማስበው በተቃራኒው ነው። ተተኪ በማይገባበት ቦታ ያለው መኪና ዕድሜው ይረዝማል፤ ዕድሜው የረዘመ መኪና ደግሞ ከፋብሪካ ሲወጣ ያልነበረው ዕቃ ይገጠምለታል። ለሌላ ሞዴል የታሰበ ኢንጀክተር፣ ከሌላ መኪና የተፈታ የአየር ሴንሰር፣ በብየዳ የተቀጠለ የአየር ቱቦ የገባበትን ሞተር ባለቤቱ «ምንም አልነካሁትም» ይለዋል። የሞተሩ ኮምፒውተር ግን ለፍጥነት ውድድር ተብሎ ከተቀየረ ሞተር ለይቶ አያየውም። ስለዚህ ዛሬ የምለው ሁሉ ለወጣት ባለተርቦዎች ብቻ አይደለም።

መነሻው ኬሚስትሪ ነው። አንድ ኪሎ ቤንዚን ምንም ሳይተርፍ እንዲቃጠል 14.7 ኪሎ ያህል አየር ይፈልጋል። ይህ ልክ ሲሟላ መሐንዲሶች ላምዳ 1 ይሉታል። አየሩ ከዚያ ሲበልጥ ድብልቁ ሳሳ፣ ቤንዚኑ ሲበልጥ ወፈረ እንላለን። በጭስ መስመሩ ላይ የሚገጠመው ካታሊስት ዋናዎቹን ሦስት መርዘኛ ጋዞች በአንድ ጊዜ የሚያከሽፈው ድብልቁ በዚህ ልክ ዙሪያ፣ በጣም ጠባብ በሆነ ክልል ውስጥ ሲቆይ ብቻ ነው። ተራ ካርቡራቶር ይህን ያህል ጥንቃቄ ከየት ያመጣል? መፍትሔው እ.ኤ.አ. በ1976 መጣ፤ ቮልቮ ቦሽ የሠራውን የኦክስጅን ሴንሰር በጭስ መስመሩ ላይ ገጥሞ መኪናውን ለካሊፎርኒያ ገዢዎች አቀረበ። ሴንሰሩ ድብልቁ ሲሳሳ ወደ 0.1 ቮልት ይወርዳል፣ ሲወፍር ወደ 0.9 ቮልት ይወጣል፣ መገልበጫው 0.45 ቮልት አካባቢ ነው። የሚያውቀው ቃል ሁለት ነው፤ «ሳሳ» እና «ወፈረ»። በምን ያህል እንደሳሳ ብትጠይቁት መልስ የለውም። ይህን ጉድለቱን ያዙልኝ፤ ዞረን እንመጣበታለን።

ኮምፒውተሩ ወደ ሞተሩ የገባውን አየር ይለካል፤ ወይም ከግፊትና ከሙቀት ተነሥቶ ይገምታል። ከዚያ በውስጡ የተጻፈለትን ሠንጠረዥ አይቶ ለዚህ አየር ይህን ያህል ቤንዚን ይበቃል ይልና ኢንጀክተሩን በሚሊሰከንድ ለሚቆጠር ጊዜ ይከፍተዋል። የተቃጠለው ጋዝ ሴንሰሩ ዘንድ ሲደርስ ፍርዱ ይሰማል። ሳስቷል ከተባለ ይጨምራል፣ ወፍሯል ከተባለ ይቀንሳል። ይህ በየቅጽበቱ የሚደረግ ጭማሪና ቅናሽ የአጭር ጊዜ ትሪም ነው። ሚዛኗ እንደሚያጎድል ያላወቀች የጤፍ ነጋዴ መጀመሪያ ደንበኛ ባጉረመረመ ቁጥር ትመርቃለች፤ ቅሬታው በየቀኑ ያው ሲሆንባት ግን ማንም ሳይናገራት አንድ እፍኝ አስቀድማ መጨመር ትለምዳለች። በኮምፒውተሩ ዘንድ እንዲህ ያለው ልማድ የረጅም ጊዜ ትሪም ነው። ደንበኞቿ ዝም ይላሉ፤ ሚዛኑ ግን አልተጠገነም።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። የአጭር ጊዜው ትሪም ዜሮ ስለሆነ ብቻ «ሞተሩ ደህና ነው» ይባላል። የረጅም ጊዜው መደመር 15 ተሸክሞ ከሆነ የአጭሩ ዜሮ መሆን ምን ይጠቅማል? ስህተቱ አልጠፋም፤ ከአንዱ ኪስ ወደ ሌላው ዞረ እንጂ። ሁለቱ ሁልጊዜ አብረው ይነበባሉ። በምልክቱም ላይ ግራ መጋባት አለ። መደመር ሲታይ ድብልቁ ወፍሯል ማለት የሚመስላቸው አሉ። መደመር ማለት ኮምፒውተሩ ቤንዚን እየጨመረ ነው ማለት ነው፤ የሚጨምረውም ድብልቁ ያለ እርዳታው ይሳሳ ስለነበረ ነው። መቀነስ ደግሞ የዚህ ግልባጭ ነው።

ስካነር ይዞ የሚያውቅ ሰው ቁጥሮቹ ለምን 0.8፣ 1.6፣ 2.3፣ 3.1 እያሉ እንደሚዘሉ ሳይገርመው አልቀረም። ኮምፒውተሩ ትሪሙን የሚልከው ከ0 እስከ 255 ባለው አንድ ቁጥር ነው። 128 ማለት ዜሮ በመቶ ነው፤ እያንዳንዷ እርምጃም 0.78 በመቶ ናት። ስለዚህ «ትሪሙ ከ0.8 ወደ 0.0 ወረደልኝ» ብሎ የሚደሰት ሰው የተደሰተው በአንዲት እርምጃ ነው። ጤነኛ የፋብሪካ መኪና እንኳ በመደመርና በመቀነስ 5 መካከል ይዋዥቃል። በአንጻሩ በብዙ መኪኖች ድምሩ ወደ 25 በመቶ ሲጠጋ ኮምፒውተሩ ማረም ይታክተውና የቼክ ኢንጂን መብራት ያበራል፤ መሳሳቱን ለማመልከት ፒ0171፣ መወፈሩን ለማመልከት ፒ0172 የሚል ኮድ ይመዘግባል።

አሁን ወደ ተነካካው ሞተር እንግባ። ምሳሌ የማደርገው ሱባሩ ኢምፕሬዛ ደብልዩ አር ኤክስን ነው፤ እ.ኤ.አ. ከ2002 ሞዴል ጀምሮ አሜሪካ የገባውን ባለ 2 ሊትር ባለተርቦ። በእኛ ጎዳና ብዙም አይታይም። የመረጥኩት የኮምፒውተሩ ሠንጠረዦች ምሥጢርነታቸው ቀርቶ ሮምሬይደር በሚባል ነፃ ፕሮግራም ማንም ተማሪ ከፍቶ ሊያያቸው ስለሚችል ነው። ለመማሪያ ከዚህ የተሻለ መኪና አላውቅም።

ይህ መኪና አየሩን የሚለካው በቱቦው ውስጥ በተወጠረ የጋለ ሽቦ ነው። አየር ሲያልፍ ሽቦውን ያበርደዋል፤ ሙቀቱን ለመጠበቅ የሚያስፈልገው ኤሌክትሪክ ወደ ቮልት ይቀየራል፤ ሠንጠረዡ ደግሞ ይህ ቮልት ሲታይ በሰከንድ ይህን ያህል ግራም አየር ገብቷል ይላል። ልብ በሉ፤ ሽቦው የሚያየው በአጠገቡ የሚያልፈውን አየር ብቻ ነው። የቀረው ከቱቦው ስፋት ተነሥቶ የተሰላ ነው። እንበልና የቱቦው ውስጣዊ ስፋት 66 ሚሊሜትር ነበር፤ ባለቤቱ «ሞተሩ በደንብ ይተንፍስ» ብሎ በ70 ሚሊሜትር ቱቦ ቀየረው። አራት ሚሊሜትር ምን ያመጣል አትበሉ። የቀዳዳው ስፋት በ12.5 በመቶ አደገ። ያው አየር በሰፊ ቱቦ ውስጥ ቀስ ብሎ ስለሚያልፍ ሽቦው በ11 በመቶ ያህል ያነሰ አየር ገባ ብሎ ይመሰክራል፤ ቤንዚኑም በዚያው ልክ ይቀንሳል። ሴንሰሩ «ሳሳ» ይላል። ትሪሙ ቀስ በቀስ ወደ መደመር 12 ይወጣል። መኪናው በደንብ ይሄዳል፣ መብራት አልበራም፣ ባለቤቱም ደስተኛ ነው። ኮምፒውተሩ ግን በየሰከንዱ የሰውዬውን ሥራ ሲያርም ይውላል።

ኢንጀክተር ሲቀየር ሒሳቡ ይቀልላል። በደቂቃ 440 ሲሲ የሚያፈስሰው ወጥቶ 550 ሲሲ የሚያፈስሰው ቢገባና ለኮምፒውተሩ ባይነገረው፣ እሱ አሁንም በ440 እያሰበ ይከፍታል። ቤንዚኑ በሩብ ይጨምራል፤ ትሪሙም መቀነስ 20 ላይ ይቆማል። ይህ በአንድ ቁጥር የሚታረም ነው። ችግሩ ሌላ ነው። ኢንጀክተር «ክፈት» ሲባል ወዲያው አይከፈትም፤ ከአንድ ሚሊሰከንድ ያልራቀ መዘግየት አለው፤ የባትሪው ቮልት ሲወርድ ይህ መዘግየት ይጨምራል። ኮምፒውተሩ የሚያውቀው የአሮጌውን ኢንጀክተር መዘግየት ነው። አዲሱ በ0.2 ሚሊሰከንድ ቢለይ በሚኒሞ ላይ፣ ማለትም መኪናው ቆሞ ሞተሩ በዝቅተኛ ዙር ሲሠራ፣ ቤንዚን የሚፈስበት ጊዜ 2 ሚሊሰከንድ ብቻ በሆነበት፣ ስህተቱ 10 በመቶ ይሆናል። ሞተሩ ከባድ ሸክም ይዞ ኢንጀክተሩ 10 ሚሊሰከንድ በሚከፈትበት ጊዜ ግን ያው 0.2 ሚሊሰከንድ 2 በመቶ ብቻ ነው።

አንድ ነጠላ የትሪም ቁጥር ትርጉም የለውም የምለው በዚህ ምክንያት ነው። ትርጉም የሚሰጠው ቁጥሩ የት ቦታ ላይ ምን ያህል እንደሆነ ነው። በሚኒሞም፣ በከተማ ጉዞም፣ በአውራ ጎዳናም ሁሉ አንድ ዓይነት መቀነስ 20 ካየሁ የኢንጀክተሩ መጠን አልተነገረም እላለሁ። በሚኒሞ መደመር 12፣ በጉዞ ላይ መደመር 2 ከሆነ ወይ የኢንጀክተሩ መዘግየት ተሳስቷል ወይ ከአየር መዝጊያው በኋላ ሞተሩ ያልተለካ አየር ይስባል፤ የተሰነጠቀች የቫኪዩም ጎማ ወይም የአየር ማከፋፈያው ጓርኒሲዮን ይመረመራል። በአንዳንድ ቮልት ላይ መደመር፣ በሌላው መቀነስ የሚያሳይ ከሆነ የአየር ሴንሰሩ ሠንጠረዥ ከአዲሱ ቱቦ ጋር አልተስማማም። ሸክም በጨመረ ቁጥር መደመሩ እየሰፋ ከሄደ ደግሞ የነዳጅ ፓምፑን ግፊትና ፊልትሮውን ሳላይ ወደ ላፕቶፑ አልቀርብም።

ተርቦ ያለበት ሞተር እዚህ ላይ የራሱን ተንኮል ይጨምራል። ከተርቦው እስከ አየር መዝጊያው ባለው መስመር ላይ አንድ ማያያዣ ላልቷል እንበል። አየሩ ሴንሰሩ ጋ ተቆጥሮ አልፏል፤ ተርቦው ሲጨምቀው ግን በላላው ቦታ ፉጨት እያሰማ ይወጣል። ኮምፒውተሩ ለሌለ አየር ቤንዚን ይሰጣል፣ ድብልቁም ይወፍራል። ቀዳዳው ከአየር መዝጊያው በኋላ ከሆነ ደግሞ መልኩን ይለውጣል፤ በሚኒሞ ከውጭ አየር ስለሚስብ ድብልቁ ይሳሳል፣ ተርቦው ግፊት ሲሠራ ያው ቀዳዳ አየር ስለሚያስወጣ ይወፍራል። ማርሽ ሲቀየር ያንን «ጵሽሽ» የሚል ድምፅ እንዲሰጥ ተብሎ አየር ወደ ውጭ የሚለቅ ቫልቭ የሚያስገጥሙ ወጣቶችም አሉ። የሚለቀቀው አየር የተቆጠረ አየር ነው። ድምፁ ለጆሮ ይማርክ ይሆናል፤ በእንዲህ ዓይነት አየር ቆጣሪ ሞተር ላይ ግን በየማርሹ ለአፍታ ድብልቁን ያወፍራል፤ ስፕሪንጉ ደክሞ በሚኒሞ ሳይዘጋ ሲቀር ደግሞ ትሪሙን ያበላሻል። ፋብሪካው ያንን አየር ወደ ተርቦው መግቢያ የመለሰው ድምፅ ጠልቶ አይደለም።

ከተርቦው በፊት ያለ የጭስ መስመር ስንጥቅም አሳሳች ነው። ጭሱ በግፊት ቢወጣም በግፊቶቹ መካከል አየር ወደ ውስጥ ይሳባል፤ ሴንሰሩ ያንን ኦክስጅን አይቶ «ሳሳ» ይላል፣ ኮምፒውተሩም ያልተራበ ሞተር ይመግባል። ካንዴላው ጠቁሮ ትሪሙ መደመር 15 ከሆነ ይህን ጠርጥሩ።

እንግዲህ መካኒካዊው ሁሉ ተፈትሾ ሲያበቃ ማረሙ ይጀመራል። በጥሩ ባለሙያ እጅ ሥራው ሲታይ አሰልቺ ነው፤ አሰልቺ ካልሆነ እንዲያውም እጠራጠራለሁ። ሞተሩ በደንብ እስኪሞቅ ይጠበቃል። ከቤንዚን ታንኩ የሚመጣው ትነት ወደ ሞተሩ የሚገባበት ጊዜ ይለያል፤ ያ ትነት ያልተቆጠረ ነዳጅ ስለሆነ ትሪሙን ወደ መቀነስ ይጎትታል። ከዚያ መኪናው ሳይጣደፍ፣ ነዳጅ መስጫው ድንገት ሳይረገጥና ሳይለቀቅ ይነዳል፤ ላፕቶፑ የአየር ሴንሰሩን ቮልት፣ ሁለቱን ትሪሞች፣ የሞተሩን ዙርና ሙቀት ይመዘግባል። ነዳጅ መስጫው በተንቀሳቀሰበት ቅጽበት የተያዙት መስመሮች ይጣላሉ፤ እነሱ ስለ ሠንጠረዡ ሳይሆን ስለ እግር ነው የሚናገሩት። የቀሩት በቮልት ይደረደሩና አማካያቸው ይወሰዳል።

አንድ ሕዋስ እናርም። በ2.0 ቮልት ላይ ሠንጠረዡ በሰከንድ 12 ግራም ይላል። የረጅም ጊዜው ትሪም መደመር 8፣ የአጭሩ መደመር 3 ነው። 1.08ን በ1.03 ብናበዛ 1.11 ይሆናል፤ 12 በ1.11 ሲበዛ 13.3 ግራም። አዲሱ ቁጥር ይጻፋል። ጎረቤቶቹ ሕዋሶችም በዚያው መንፈስ ይስተካከላሉ፤ ምክንያቱም መስመሩ ጉብታና ጉድጓድ ከበዛበት በሁለቱ መካከል ሲያልፍ ሞተሩ ይንገጫገጫል። ከዚያ ኮምፒውተሩ የተማረው ሁሉ ይጠፋና እንደገና ይነዳል። ሁለት ሦስት ዙር ሲደረግ ትሪሙ ከ3 ወይም ከ4 በመቶ በታች ይወርዳል፤ እዚያ ላይ እጅ ማንሣት ነው። ዜሮን ማሳደድ ከንቱ ድካም ነው። የነገው አየርና የነገው ቤንዚን የዛሬዎቹ አይደሉም።

ስለ ቤንዚኑ ካነሣን አይቀር፣ የራሳችን ሀገር ጥሩ ማስረጃ አላት። እ.ኤ.አ. ከ2008 ጀምሮ በአዲስ አበባ በሚሸጠው ቤንዚን ላይ ከፊንጫ ስኳር ፋብሪካ የመጣ ኢታኖል 5 በመቶ ይቀላቀል ነበር፤ በኋላም ወደ 10 በመቶ ከፍ ብሏል። ኢታኖል በውስጡ ኦክስጅን ስላለው ለአንድ ኪሎ 9 ኪሎ ያህል አየር ብቻ ይበቃዋል። አሥር በመቶ ኢታኖል ያለበት ቤንዚን ታንክ ውስጥ ሲገባ ሞተሩ ሳይነካ ትሪሙ ከ3 እስከ 4 በመቶ ወደ መደመር ይሄዳል። ያኔ ስካነር ይዞ የቆመ መካኒክ ነዳጁ መቀየሩን ካልጠየቀ የሌለ የአየር ቀዳዳ ሲፈልግ ይውላል። አሜሪካ ያሉ ልጆቻችን ደግሞ 85 በመቶ ኢታኖል የሚሸጥበት ማደያ ያገኛሉ፤ ያንን ባልተዘጋጀ መኪና ላይ የሞላ ሰው ከትሪሙ አቅም በላይ የሆነ ጭማሪ ነው የጠየቀው።

እስካሁን ያልኩት በአብዛኛው ሞተሩ በጸጥታ ስለሚሠራበት ጊዜ ነው። አሁን የዋናው ጉዳይ ተራ ነው። ነዳጅ መስጫው እስከ መጨረሻው ሲረገጥና ተርቦው ግፊት ሲሠራ ላምዳ 1 ለሞተሩ አደጋ ነው። ተጨማሪ ቤንዚን ሲተን ሙቀት ይወስዳል፤ የተጨመቀው ድብልቅም ከካንዴላው ብልጭታ ውጪ በራሱ እንዳይፈነዳ ይረዳል። ስለዚህ ባለተርቦ ሞተሮች በሙሉ ሸክም ላይ ብዙውን ጊዜ ላምዳ 0.78 አካባቢ ይዘው ይሠራሉ። ያንን ሁለት ቃል ብቻ የሚያውቅ ሴንሰር አስታውሱ። በዚህ ክልል ውስጥ የሚለው «ወፈረ» ብቻ ነው፤ 0.78 ይሁን 0.88 አይለይም። አንዱ ጤና ነው፣ ሌላው ፒስተን ሊሰብር ይችላል። በዚህ ምክንያት በእንዲህ ዓይነት ሞተሮች ላይ ኮምፒውተሩ በሙሉ ሸክም ጊዜ ሴንሰሩን መስማት ያቆማል፤ ሠንጠረዡን ብቻ አምኖ ይሠራል። የአጭር ጊዜው ትሪም ዜሮ ላይ ቀጥ ይላል። ያንን ዜሮ አይቶ «ተስተካክሏል» ያለ ሰው ያነበበው የቆመ ሰዓት ነው።

ሱባሩው ላይ ደግሞ አንድ ተጨማሪ ነገር አለ። የረጅም ጊዜውን ትሪም በአየር ፍሰት መጠን በአራት ክልል ከፍሎ ያስቀምጣል፤ የመጨረሻው ክልል በሰከንድ ከ40 ግራም በላይ ነው። በዚህ ክልል የተማረውን እርማት ሴንሰሩን በማይሰማበት በሙሉ ሸክም ጊዜም ይዞት ይገባል። እንግዲህ አስቡት። መኪናው አውራ ጎዳና ላይ በጸጥታ ሲሄድ ከታንኩ ትነት ወይም ከዘይት ጭስ የተነሣ በዚያ ክልል መቀነስ 8 ተማረ። ሹፌሩ ሊቀድም ሲል እግሩን አወረደ። ትነቱ አሁን ከግዙፉ የአየር ፍሰት ጋር ሲነጻጸር ከቁጥር አይገባም፤ የ8 በመቶ ቅናሹ ግን አብሮ መጥቷል። 0.78 ለ0.92 ሲካፈል 0.85 ነው። ማንም ያላዘዘው፣ ማንም ያልጻፈው መሳሳት፣ ሞተሩ ከሁሉ በላይ በጋለበት ቅጽበት። ሞተሩ ያንኳኳል፤ ከቀጠለም የፒስተኑ የቀለበት ጠርዝ ይሰበራል።

ስለዚህ በባለተርቦ ላይ ከመደመር ይልቅ መቀነስ ያስፈራኛል። የመደመር ትሪም አብዛኛውን ጊዜ ሞተሩን ወደ ሸክም ሲወስድ ቤንዚን አብዝቶለት ነው የሚሄደው፤ የመቀነስ ትሪም ግን ቤንዚን ሰርቆበት። ጋራዥ ውስጥ የሚሰማው ፍርሃት ግን በተገላቢጦሽ ነው፤ ሁሉም መደመር ሲያይ ይደነግጣል፣ መቀነስ ሲያይ «ነዳጅ ይቆጥብልኛል» ይላል።

በሙሉ ሸክም ላይ የሚታመነው ላምዳን በቁጥር የሚናገር ሰፊ ክልል ያለው ሴንሰር ነው፤ የቦሽ ኤልኤስዩ 4.9 በብዛት የሚታወቀው ነው። ዋጋው ከአንድ ፒስተን ሥራ ጋር ሲወዳደር ምንም ማለት አይደለም። ሠንጠረዡ 0.78 አዝዞ ሴንሰሩ 0.85 ካሳየ ሁለቱን ማካፈል ነው፤ የአየር ሠንጠረዡ በዚያ ቮልት ላይ በ9 በመቶ ከፍ ይላል። ሒሳቡ ያው የቅድሙ ነው። ልዩነቱ እዚህ ላይ ሥራው የሚጀመረው ቤንዚን አብዝቶ፣ ብልጭታውን አዘግይቶ፣ የተርቦውን ግፊት ዝቅ አድርጎ፣ ጆሮንም ከሞተሩ ማንኳኳት ሳይነቅሉ መሆኑ ነው።

የመጨረሻው ነጥቤ ከኛ መሬት ጋር የተያያዘ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,355 ሜትር ላይ ናት፤ የአየሩ ግፊት 76 ኪሎፓስካል አካባቢ ነው። ጅቡቲ ወደብ ላይ 101 ነው። የተርቦውን ግፊት የሚገድበው ቫልቭ፣ ዌስትጌቱ፣ በስፕሪንግ ብቻ የሚሠራ ከሆነ የሚጠብቀው ከውጭው አየር በላይ ያለውን ግፊት ነው። አንድ መቶ ኪሎፓስካል ላይ ተስተካክሎ ከሆነ ሞተሩ አዲስ አበባ ላይ 176፣ ጅቡቲ ላይ 201 ኪሎፓስካል ያገኛል፤ 14 በመቶ ብልጫ። ድሬዳዋ ላይ እንኳ ልዩነቱ 7 በመቶ ገደማ ነው። እዚህ ላይ ለሰዓታት የተለፋበት ሠንጠረዥ ቁልቁል ሲወርድ አዲስ አበባ ላይ ፈጽሞ ያልተነኩ ሕዋሶች ውስጥ ይገባል፤ የሚገባውም በሙቀት ነው። ትሪሙ ስለእነዚያ ሕዋሶች የሚለው ነገር የለውም፤ አይቷቸው አያውቅምና። የተርቦው ግፊት በኮምፒውተር በሚታዘዝባቸውና ግቡ ፍጹም ግፊት፣ ማለትም ከዜሮ ጀምሮ የሚቆጠር ግፊት፣ በሆነባቸው መኪኖች ላይ ደግሞ ጣጣው ደጋ ላይ ነው። ጅቡቲ ላይ አየሩን በእጥፍ ቢጨምቅ የሚበቃው ተርቦ፣ ያንኑ 201 ኪሎፓስካል አዲስ አበባ ላይ ለማግኘት በ2.6 እጥፍ መጨመቅ አለበት። ተርቦው ከአቅሙ በላይ ይሽከረከራል፣ የሚወጣው አየርም ይግላል። ከውጭ ሀገር በፋይል የተላከ ማስተካከያ ገዝቶ እዚህ የሚጭን ሰው ይህን ማሰብ አለበት፤ ፋይሉን የጻፈው ሰው የት ከፍታ ላይ እንደጻፈው መጠየቅ ነውር የለውም።

ለባለመኪኖች የምለምነው አንድ ነገር ነው። ሞተራችሁን ለማስተካከል ገንዘብ ስትከፍሉ ከሥራው በፊትና ከሥራው በኋላ የተመዘገበውን ዳታ በፋይል ተቀበሉ። በውስጡ የአየር ፍሰቱ፣ ሁለቱ ትሪሞችና በሙሉ ሸክም ላይ የተለካው ላምዳ መኖር አለባቸው። ትሪሙ ዜሮ የሆነበትን የስካነር ፎቶ ብቻ የሚያሳያችሁ ባለሙያ ካጋጠማችሁ ሙሉ ሸክም ላይ ላምዳው ስንት እንደነበረ ጠይቁት፤ መልስ ከሌለው ሒሳቡን ከመክፈላችሁ በፊት ቁልፋችሁን ተቀበሉ።